የድሮ ባቡር በበጎ ፈቃደኞች እጅ፦ ከቦይ ጠረጋ እስከ መጀመሪያው ፊሽካ

ድሬዳዋ ያደገ ሰው ስለ ባቡር ሲያወራ ድምፁ ይለወጣል። የኔም ይለወጣል። ሽመንደፈር የምንለው ባቡር ለኛ መጓጓዣ ብቻ አልነበረም። የሰፈሩ ሰዓት፣ የብዙ ቤት ደሞዝ፣ የልጆች ጨዋታ እሱ ነበር።

ኋላ እንግሊዝ አገር መጣሁ። እዚህ የድሮ ባቡሮችን የሚያስኬዱት በአብዛኛው ተራ ሰዎች መሆናቸውን ሳይ ገረመኝ። ጡረተኞች፣ ተማሪዎች፣ ነርሶች፣ አስተማሪዎች ናቸው። ደሞዝ የላቸውም። ቅዳሜ ጠዋት ቱታቸውን ለብሰው ይመጣሉ። እኔም በአንዲት ትንሽ መስመር ላይ ጥቂት ዓመታት አብሬያቸው ሠራሁ። ይህን መመሪያ የምጽፈው እዚያ የተማርኩትን ይዤ፣ ድሬዳዋን እያሰብኩ ነው። (ከስሩ ካልተገለጸ በቀር ቀኖቹና ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

የኛ የድሮ መስመር ከጂቡቲ ተነስቶ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ ደረሰ። አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ርዝመቱ ወደ 780 ኪሎ ሜትር ነው። የሐዲዱ ስፋት 1 ሜትር ነው። በ2016 የተመረቀው አዲሱ መስመር ግን 1 ሜትር ከ43.5 ሳንቲም ስለሆነ የአንዱ ባቡር በሌላው ላይ አይሄድም። ስለዚህ አሮጌውን የሚያድነው ሰው ለብቻው ሊያድነው ነው። ሁሉንም ማዳን አይቻልም። አንድ ቁራጭ ግን ይቻላል። እንዴት እንደሚጀመር ከዚህ በታች አለ።

1. መጀመሪያ ሽማግሌዎቹን ፈልጉ

ሎኮሞቲቩ 10 ዓመት ቆሞ ይጠብቃል። አዛውንቱ ግን አይጠብቁም። ሥራው ከጋራዥ ሳይሆን ከሰው ቤት የሚጀምረው ለዚህ ነው።

ኤርትራውያን ይህን በደንብ አሳይተዋል። ከምጽዋ አስመራ የሚወጣው 118 ኪሎ ሜትር መስመር በጦርነቱ ጊዜ ሐዲዱ ተነቅሎ ለምሽግ ውሎ ነበር። ከ1994 ጀምሮ መልሰው ሲሠሩት ዕውቀቱ የተገኘው ከጡረታ ከተጠሩት የድሮ ሠራተኞች ነው። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰዎች መዶሻ ይዘው ተመለሱ። በ2003 ባቡሩ እንደገና አስመራ ገባ።

ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ለቤት ለቤት ጉብኝት መድቡ። ነጂ የነበሩትን፣ ሐዲድ ጠጋኞቹን፣ የወርክሾፕ ቶርኔሪዎችን (ብረት ቀራጮቹን)፣ የጣቢያ ሠራተኞቹን፣ ቲኬት ቆራጮቹን ሳይቀር ጠይቁ። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙ አይወደድም። ቢሆንም "ጋሼ" ብላችሁ ገብታችሁ ቁጭ በሉ። ስልካችሁ ይቅዳ፤ እጃችሁም ይጻፍ። ጥያቄው "ድሮ እንዴት ነበር?" ብቻ ከሆነ ትዝታ ብቻ ይዛችሁ ትመለሳላችሁ። እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ ጎርፍ የሚቆርጠው የትኛው ቦታ ነበር? የትኛው ጠመዝማዛ ላይ ፍጥነት ትቀንሱ ነበር? ይህ ሞተር ጠዋት አልነሳ ሲል ምን ታደርጉ ነበር? መልሱ የትም መጽሐፍ ላይ የሌለ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ኩባንያው የፈረንሳይ ስለነበር የድሮው ወረቀት፣ የዕቃው ስም፣ ንድፉ ሁሉ በፈረንሳይኛ ነው። ሠራተኞቹም ብዙውን ዕቃ የሚጠሩት በፈረንሳይኛው ነው። ፈረንሳይኛ የሚያነብ አንድ ወጣት ከቡድኑ አይጥፋ። የሽማግሌዎቹን አጠራር ከነትርጉሙ በአንድ ደብተር ሰብስቡ። ኋላ ዕቃ ፍለጋ ስትወጡ ያ ደብተር ወርቅ ነው።

ሽማግሌዎቹን ከባድ ዕቃ አታሸክሙ። ወንበርና ጥላ ስጧቸው፤ እነሱ ያስተምሩ፣ ወጣቱ ይሥራ።

2. ወረቀቱን ጨርሱ

ይህን ክፍል ማንም አይወደውም፤ እኔም ቶሎ አልፈዋለሁ። ግን አትዝለሉት።

ሐዲዱም ባቡሩም የመንግሥት ንብረት ነው። የተጣለ ቢመስልም የተጣለ አይደለም። ከባለቤቱ መሥሪያ ቤት የጽሑፍ ፈቃድ ሳይኖር አንድ ብሎን እንኳ እንዳትነኩ። ዛሬ በቅን ልብ ያነሳችሁት ብረት ነገ የስርቆት ክስ ሊሆን ይችላል።

ማኅበር ለማቋቋም አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ቢያንስ አምስት መሥራቾች ይጠይቃል። ቅርስ ሆኖ የተመዘገበ ሕንፃ ወይም ዕቃ ለማደስ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ከቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል። (እነዚህ ሁለቱ ዓመቶች የኛ ናቸው።) ከባለቤቱ ጋር በምትፈራረሙት ወረቀት ላይ ሦስት ነገር በግልጽ ይጻፍ፦ የትኛው ቁራጭ ከየት እስከ የት፣ ለስንት ዓመት፣ አደጋ ቢደርስ ኃላፊው ማን እንደሆነ። ኢንሹራንስም ከመጀመሪያው ቀን ይግባ፤ ባቡሩ ስለቆመ አደጋ የለም ብላችሁ አታስቡ። እግር ላይ የሚወድቅ ሐዲድ ባቡር አያስፈልገውም።

3. ትንሽ ቁራጭ ምረጡ፤ ከዚያም ግማሹን ብቻ ያዙ

በበጎ ፈቃደኞች እጅ የዳነው የዓለም የመጀመሪያው ባቡር ዌልስ ውስጥ ያለው ታሊሊን ነው። በ1865 ለጥቁር የጣሪያ ድንጋይ ማመላለሻ ተብሎ የተሠራ ነው። ባለቤቱ በ1950 ሲሞቱ ሰዎች በርሚንግሃም ላይ ተሰብስበው "እኛ እንያዘው" አሉ። መስመሩ በሙሉ 11 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ያም ሆኖ ግንቦት 14 ቀን 1951 የመጀመሪያውን ባቡራቸውን ሲያስኬዱ እስከ መጨረሻው አልሄዱም። ሪዲሮነን እስከምትባለው ጣቢያ ደርሰው ተመለሱ። የሚሠራ ሎኮሞቲቭ የነበራቸው አንድ ብቻ ነው፤ ዶልጎክ የምትባል፣ በ1866 የተሠራች አሮጊት።

እኔ የምመክረው 1 ኪሎ ሜትር ነው። ቢበዛ 2። ያነሰ መሰላችሁ? አንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ 2 ኪሎ ሜትር ብረት አለ። ሐዲዱ በሜትር 25 ኪሎ ቢመዝን 50 ቶን ማለት ነው፤ ከሐዲዱ ሥር የሚጋደመው አግዳሚና ጠጠሩ ሳይቆጠር።

ቁራጩን ስትመርጡ ጣቢያ ወይም ወርክሾፕ አጠገብ ይሁን። ድልድይ ባይኖረው ይሻላል። የመኪና መንገድ የሚያቋርጥበት ቦታ ባነሰ ቁጥር እንቅልፋችሁ ጥሩ ይሆናል። ሜዳ ይሁን። ቁልቁለት ያማረ እይታ አለው፤ ፍሬን ግን ይፈልጋል። ጎብኚ በእግሩ ሊደርስበት የሚችል ቦታም ይሁን።

4. በእግር ሂዱ፣ እያንዳንዷን ሜትር ጻፉ

የሚያስፈልጋችሁ ትንሽ ነው፦ ሜትር፣ ውሃ ልክ፣ መዶሻ፣ ነጭና ቀይ ቀለም፣ ደብተር። ብየዳ የሚችል ሰው ደግሞ አንድ መለኪያ ይሥራላችሁ። ቀጥ ያለ ብረት ሆኖ በሁለቱ ሐዲዶች ውስጣዊ ጎን መካከል በትክክል 1000 ሚሊ ሜትር የሚገባ ነው። የሚለካው ከሐዲዱ አናት 14 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ ነው፤ የጎማው ከንፈር የሚነካው እዚያ ነውና።

በየ3 ሜትሩ ቁሙ። ሦስት ነገር ለኩ።

ስፋቱን ለኩ። ቀጥ ባለ ቦታ ከ10 ሚሊ ሜትር በላይ የሰፋ ወይም ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ የጠበበ ካገኛችሁ በቀይ ምልክት አድርጉና ባለሙያ ይየው። ጠመዝማዛ ላይ ግን ሆን ተብሎ ትንሽ ሰፍቶ ሊሠራ ይችላል፤ ሽማግሌዎቹን ሳትጠይቁ "ተበላሽቷል" አትበሉ።

ቀጥሎ ውሃ ልኩን ከግራ ሐዲድ ቀኝ ሐዲድ ላይ አጋድሙ። አንዱ ከሌላው ምን ያህል እንደሚያንስ ጻፉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ዋናው አደጋ ሐዲዱ አንድ ወጥ ሆኖ ማዘንበሉ አይደለም። እዚህ ጋ ወደ ግራ፣ 3 ሜትር ዝቅ ብሎ ደግሞ ወደ ቀኝ ማዘንበሉ ነው። ባለ አራት እግር ጠረጴዛ ወጣ ገባ መሬት ላይ ስታስቀምጡት አንድ እግሩ እንደሚንጠለጠለው፣ የፉርጎውም አንድ ጎማ ይቀላል። የቀለለ ጎማ ሐዲዱ ላይ ወጥቶ ይወርዳል። ብዙ ቀስ ብሎ የሚሄድ ባቡር ከሐዲድ የሚወጣው በዚህ ነው። ስለዚህ ጎን ለጎን ያሉትን ሁለት ቁጥሮች አነጻጽሩ፤ በ3 ሜትር ውስጥ 10 ሚሊ ሜትር ከተለዋወጠ በቀይ ምልክት ይደረግበት።

ሦስተኛው በመዶሻ ማንኳኳት ነው። የኛ መስመር አግዳሚዎች ብረት ናቸው፤ ለምስጥ አገር ትክክለኛ ምርጫ ነበር። ብረት ግን ይዝጋል፣ ሐዲዱን በሚይዘው ቀዳዳ ዙሪያም ይሰነጠቃል። ደህናው ሲመታ ይጮኻል። የተሰነጠቀው ይደነዝዛል። ለጆሮ አንድ ቀን በቂ ነው፤ ማታ ላይ ልዩነቱ ያለ ጥርጥር ይለያችኋል።

ድልድይና የውሃ ማሳለፊያ ቱቦን ፎቶ አንስታችሁ ለሲቪል መሐንዲስ ስጡ። ፈቃደኛ ይሁን እንጂ ፈቃድ ያለው መሐንዲስ ይሁን። በዓይን አይቶ "ይሸከማል" የሚል ሰው አትስሙ።

5. ሐዲዱን ጠግኑ፤ ግን ከውሃው ጀምሩ

ይህ የሥራው ልብ ነው፤ ብዙ እቆይበታለሁ።

በጎ ፈቃደኛ የሆንኩ ቀን ሎኮሞቲቭ የማጸዳ መስሎኝ ነበር። አካፋ ሰጡኝና ቦይ ጥረግ አሉኝ። ከፋኝ። ጥቂት ወራት ቆይቶ ግን ምክንያቱ ገባኝ። እኔ ያለሁበት ቡድን አንድ 30 ሜትር የሚሆን ቦታ ላይ ቸኮለ። ቦዩን ለሌላ ጊዜ ትተን ሐዲዱን አነሳን፣ አስተካከልን፣ ጠጠሩን ጠቀጠቅን። አምሮ ነበር። ከዚያ ዝናብ መጣ። ውሃው መውጫ ስላጣ ሥር ሥሩን ገብቶ አፈሩን ጭቃ አደረገው። ሐዲዱ ተመልሶ ወረደ። የሦስት ቅዳሜ ሥራ በአንድ ሌሊት ሄደ።

በኛ አቆጣጠር በ1998 ክረምት ድሬዳዋ ላይ የደቻቱን ወንዝ ጎርፍ ያየ ሰው ስለ ውሃ ምክር አያስፈልገውም። የኛ አገር ዝናብ አመት ሙሉ አይዘንብም፤ ሲመጣ ግን አንድ ላይ ይመጣል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ሣሩንና ቁጥቋጦውን ቁረጡ። በግራና በቀኝ ያለውን ቦይ ጥረጉ። የተደፈኑ ቱቦዎችን ክፈቱ። አንድ ዝናብ ይለፍበት። ውሃው የት እንደተኛ እዩ። ከዚያ ነው ወደ ሐዲዱ የሚኬደው።

ጠጠሩ የተፈለጠ፣ ማዕዘን ያለው ይሁን፤ መጠኑ ከ3 እስከ 6 ሳንቲም። የወንዝ ጠጠር ያምራል፣ ቅርብም ይገኛል፣ ግን ክብ ስለሆነ ይንከባለላል፤ አይያያዝም። ከአግዳሚው ሥር ከ15 እስከ 20 ሳንቲም ጥልቀት ይኑረው።

ሐዲዱን በክሪክ ቀስ እያላችሁ አንሱ። ዓይናችሁን ከሐዲዱ ጋር እኩል አድርጋችሁ ተኝታችሁ እዩ፤ የሽማግሌ ዓይን እዚህ ላይ ከመሣሪያ ይበልጣል። ከፍታው ሲስተካከል ሁለት ሰው ትይዩ ሆኖ ጠጠሩን ከአግዳሚው ሥር ይጠቅጥቅ። ጠቅጠቃው ከሐዲዱ ሥርና ከግራ ቀኙ ብቻ ነው። የአግዳሚውን መሃል አትጠቅጥቁ። መሃሉ ከጠነከረ አግዳሚው ጉብታ ላይ እንደተቀመጠ ጣውላ ይወዛወዛል፤ ቀስ በቀስም ይሰበራል።

አሁን ስለ ሙቀት። ብረት ሲሞቅ ይረዝማል። 12 ሜትር የሆነ ሐዲድ በ30 ዲግሪ ቢሞቅ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ይጨምራል። ትንሽ ትመስላለች፤ በአንድ ኪሎ ሜትር ግን 35 ሳንቲም ገደማ ትሆናለች። ሐዲድና ሐዲድ በሚገናኝበት ቦታ ክፍተት የሚተወው ለዚህ ነው። ክፍተቱ ከተደፈነ፣ ወይም ማያያዣው ብረት ዝጎ ከተጣበቀ፣ ሐዲዱ የሚሄድበት ያጣና ወደ ጎን እንደ እባብ ይታጠፋል። ስለዚህ እያንዳንዱን መጋጠሚያ ፍቱ፣ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ጥረጉ፣ ግሪስ ቀቡ፣ መልሳችሁ እሰሩ። ሲታሰር አጥብቁ፤ ግን በረጅም ቧንቧ አንጠልጥላችሁ አታንቁት። በጠዋት ቅዝቃዜ የሚታሰር ሐዲድ ሰፋ ያለ ክፍተት ይፈልጋል፤ በሙቀት የሚታሰር ጠበብ ያለ።

ድሬዳዋ ላይ የሥራ ሰዓቱም ከዚሁ ይመጣል። ጠዋት 12 ሰዓት ጀምሩ፣ 4 ሰዓት ላይ አቁሙ። ለሰው ብቻ አይደለም። በጠራራ ፀሐይ ጠጠሩን ካላላችሁት ሐዲዱን የሚይዘው ነገር ይጠፋል፤ በዓይናችሁ ፊት ሊታጠፍ ይችላል።

ሐዲድ ማንሳት ላይ አንድ ቃል ብቻ። 10 ሜትር ሐዲድ 250 ኪሎ ሊሆን ይችላል። አንድ ሰው ብቻ ይዘዝ። "አንሱ" የሚለው እሱ፣ "አስቀምጡ" የሚለውም እሱ። ሌላው ዝም። ጓንት፣ ጠንካራ ጫማ፣ አንጸባራቂ ሰደርያ የሌለው ሰው የዚያን ቀን ሻይ ያፍላ።

6. ምን ይሂድበት?

ሁሉም ሰው ጭስ የሚያወጣ ባቡር ይፈልጋል። ስሜቱ ይገባኛል። ግን ደረጃ በደረጃ ሂዱ።

መጀመሪያ በእጅ የሚገፋ ጋሪ ሐዲዱ ላይ አድርጉ። ሰው ገፍቶ የሚያስኬደው፣ ዕቃ የሚጭን ይሁን። ጠጠርና አግዳሚ የምታመላልሱት በሱ ነው። ሐዲዱም የት እንደሚንገጫገጭ በሱ ታውቃላችሁ።

ቀጥሎ ናፍጣ። የኛ መስመር ከ1950ዎቹ ጀምሮ ወደ ናፍጣ ስለዞረ ሽማግሌዎቹ የሚያውቁትም እሱን ነው። ለጉብኝት ደግሞ ሊቶሪና ወይም ኦቶራይ የምንለው በራሱ ሞተር የሚሄደው ፉርጎ ከሁሉም ይሻላል። ጎታች አይፈልግም፣ ቀላል ነው፣ ሰው ይጭናል።

ዓመታት የቆመ ሞተር አገኛችሁ እንበል። ባትሪ አስራችሁ ሞተሪኖውን እንዳትመቱ! ሰው ሁሉ የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው፤ ያለቀለት ሞተርም ብዙ ጊዜ የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ ከሰልባትዮው የቆየውን ናፍጣ አፍስሱና እጠቡት። ከኮፓው ዘይቱን አውጡ፤ ውሃ ከተቀላቀለበት ስንጥቅ አለ ማለት ሊሆን ይችላል። ኖዝሎቹን ፍቱ። በየሲሊንደሩ ጥቂት ቀጭን ዘይት ጨምሩ፣ ጥቂት ቀን ይቆይ። ከዚያ ሞተሩን በእጅ አሽከርክሩት። በነፃ ሁለት ሙሉ ዙር ከዞረ ተስፋ አለ። ካልዞረ በኃይል አትግፉት። ለምን እንደተያዘ ፈልጉ።

ፉርጎውን ስታፈርሱ ስለ አስቤስቶስ አስቡ። የድሮ ባቡሮች ግድግዳ፣ የቧንቧ መጠቅለያና የፍሬን ሸራ ውስጥ ብዙ ጊዜ አለ። ብናኙ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ከ20 እና 30 ዓመት በኋላ ነው የሚገድለው። ነጭ ወይም ግራጫ ጥጥ የመሰለ ነገር ካያችሁ አቁሙ፣ አትጥረጉ፣ ምን እንደሆነ ይመርመር። የድሮ ቀለምም እርሳስ ያለበት ሊሆን ስለሚችል በደረቁ አትፋቁት፤ እያረጠባችሁ ፋቁ፣ ጭምብል አድርጉ።

ስለ ፍሬን ድርድር የለም። ባቡሩ ቢበጠስ እንኳ የተቆረጠው ክፍል በራሱ ጊዜ የሚቆም ፍሬን ያስፈልጋል። እንግሊዞች ይህን በሕግ ያስገደዱት በ1889 ነው። በዚያ ዓመት አየርላንድ ውስጥ አርማ አጠገብ፣ የሽርሽር ባቡር ዳገት ላይ ለሁለት ተቆርጦ የኋለኛው ክፍል ወደ ታች ተንሸራቶ ከሌላ ባቡር ጋር ተጋጨ። 80 ሰው ሞተ። ከመካከላቸው ብዙ ልጆች ነበሩ። ለሽርሽር የወጡ ልጆች። እናንተም የምትጭኑት እንደዚያ ያሉ ልጆችን ነው።

የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ብታገኙስ? መጀመሪያ ቀለም ቀብታችሁ ለዕይታ አቁሙት። ቦይለር (ውሃው የሚፈላበት የብረት ጋን) በበጎ ፈቃድ ብቻ የሚነካ ነገር አይደለም፤ ፈቃድ ያለው መርማሪ የውስጡን ብረት ውፍረት ይለካል። ከዚያ በውሃ ተሞልቶ በተለምዶ ከሥራ ግፊቱ በአንድ ተኩል እጥፍ ይፈተናል። በውሃ የሚፈተነው ውሃ ስለማይታመቅ ነው፤ ቢሰነጠቅ ያፈሳል እንጂ አይፈነዳም። እንፋሎት ላይ የምትሠሩ ከሆነ አንድ ልማድ አጥንታችሁ ውስጥ ይግባ፦ ሎኮሞቲቩ ላይ ስትወጡ ሰላምታ ከመስጠታችሁ በፊት የውሃውን ልክ በመስታወቱ እዩ። ውሃው ከእሳት ማንደጃው ጣሪያ በታች ከወረደ ብረቱ ይለሰልሳል። ቀጥሎ የሚሆነውን ማንም ማየት አይፈልግም። እሳቱንም ቀስ አድርጋችሁ አቀጣጥሉ፤ ቀዝቃዛ ቦይለር ብዙ ሰዓት ወስዶ ነው መሞቅ ያለበት። ነጂው ጎህ ሳይቀድ የሚነሳው ለዚህ ነው።

7. ደንብ ከሌለ ባቡር የለም

ወዳጅነት ያለበት ቡድን ውስጥ ደንብ ማክበር ይከብዳል። "አንተን አምንሃለሁ" ይባላል። ባቡር ላይ ግን መተማመን የሚገለጸው በመፈተሽ ነው።

ለአንድ መስመር ለአንድ ባቡር ከሁሉም የቀለለው ዘዴ በትር ነው። አንድ በትር ሥሩ። የመስመሩን ስም ጻፉበት። ነጂው በትሩን በእጁ ካልያዘ ሐዲዱ ላይ አይወጣም። በትሩ አንድ ስለሆነ ሁለት ባቡር በአንድ ጊዜ ሊኖር አይችልም። ሐዲድ የሚጠግኑ ሰዎች ሲገቡም በትሩን እነሱ ይያዙ። ስልክ ተደዋውሎ መግባባት በትሩን አይተካም።

ፍጥነት። ብሪታንያ ውስጥ የእንዲህ ዓይነት የድሮ ባቡር መስመሮች ጣሪያ በተለምዶ በሰዓት 25 ማይል፣ ማለትም 40 ኪሎ ሜትር ነው። እናንተ በ10 ጀምሩ። በጥር 1985 አዋሽ አካባቢ ከ400 በላይ ወገኖቻችን ያለቁት ባቡሩ ጠመዝማዛውን ከሚችለው በላይ ፈጥኖ በመግባቱ ነው። ድሬ ውስጥ ያንን ቀን የሚያስታውስ ቤት ዛሬም አለ። የፍጥነቱ ቁጥር ነጂው ፊት ለፊት በትልቁ ይለጠፍ።

መንገድ በሚያቋርጥበት ቦታ በሁለቱም በኩል ሰው ባንዲራ ይዞ ይቁም። ባቡሩ ከመድረሱ በፊት ይቁምና እጁን ያንሳ፤ ነጂው እጁን ካላየ አይለፍ። ፍየልና ግመል ደንብ አያነቡም፣ ስለዚህ እረኞቹን በስም እወቋቸው።

ማንም ሰው ከመጀመሪያው ቀን ነጂ አይሆንም። ዌልስም ሆነ እንግሊዝ ሥርዓቱ አንድ ነው፦ መጀመሪያ ጽዳት፣ ቀጥሎ ረዳት፣ ቀጥሎ ነጂ። ዓመታት ይወስዳል። እንዲህ መሆኑ ጥሩ ነው፤ አንድ ሰው ለሁለት ዓመት ዘይት ሲጠርግ ካያችሁት ጠባዩን አውቃችሁታል።

ስለ ገንዘብ በአጭሩ፦ የቲኬት ገንዘብ ብቻውን ባቡር አይመግብም። የአባልነት መዋጮ፣ ሻይ ቤት፣ የትምህርት ቤት ጉብኝትና ውጭ ያሉት የድሬ ልጆች ይረዳሉ። ውጭ ያለ ሰው ብር ከመላኩ በፊት ምን ዕቃ እንደሚያስፈልግ ይጠይቅ፤ ጥሩ ክሪክና ጥሩ መለኪያ ከብር ይበልጣል። ደረሰኝ ለሁሉም ይቆረጥ፣ ሒሳቡ በየወሩ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ።

8. የመጀመሪያው ቀን

ሰው ሳይጫን ቢያንስ አንድ ወር በአሸዋ ከረጢት ሂዱ። አንድ ሰው 70 ኪሎ ብላችሁ አስሉና በወንበሩ ልክ ጫኑ። በየጉዞው ማቆሚያ ላይ በኖራ መስመር አስምሩ፤ ፍሬኑ ከተያዘበት እስከቆመበት ስንት ሜትር እንደፈጀ ጻፉ። ቁጥሩ ከቀን ወደ ቀን ከጨመረ ፍሬኑ እየደከመ ነው።

ቀኑ ሲደርስ ጠዋት ሁለት ሰው ሐዲዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእግር ይሂድ። የተላቀቀ ብሎን፣ ልጆች ያስቀመጡት ድንጋይ፣ ሌሊት የታጠበ ጠጠር ይፈለጋል። ተመልሰው ደብተሩ ላይ ሳይፈርሙ ባቡሩ አይንቀሳቀስም። ቀጥሎ ነጂው ፍሬኑን ቆሞ ይፈትሽ፣ ከዚያ 5 ሜትር ሄዶ ይፈትሽ። በሮቹ ይዘጉ። አንድ ሰው ብቻ ፊሽካ ይንፋ።

በመጀመሪያው ጉዞ ላይ ባለሥልጣን መጋበዙ አይቀርም። የፊት ወንበር ግን ለሽማግሌዎቹ ይሁን።

ማታ ባቡሩ ሲገባ ፍሬኑን እሰሩ፣ ጎማው ሥር ታኮ ከሁለቱም በኩል አስገቡ፣ የባትሪውን መቁረጫ አጥፉ፣ ጓጉንቸሩን ቆልፉ። መሣሪያዎቹን ቁጠሩ፤ ጠዋት 12 ቁልፍ ከወጣ ማታ 12 ይግባ፣ አንዱ ከጎደለ ሐዲዱ ላይ ወይም ሞተሩ ውስጥ ነው፣ ሳይገኝ ማንም ቤቱ አይሄድም። ከዚያ ደብተሩን ክፈቱ። ስንት ሰው ተጫነ፣ ስንት ሊትር ናፍጣ ሄደ፣ የትኛው መጋጠሚያ አንኳኳ፣ የትኛው ብሎን ነገ ይታይ፣ በትሩን ማን መለሰ። ቀኑንና ስማችሁን ጻፉና ፈርሙ።